አገር አገርን ሲገመግም ምን ይገኛል? ኤፒአርኤም እና ዩፒአር ሲፈተሹ

«መንግሥታት እርስ በርስ ቢገማገሙ እከክልኝ ልከክልህ ከመሆን አያልፍም» የሚል አስተያየት በብዛት ይሰማል። ስብሰባዎቹን ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ትክክል ይመስላል። የሚወጡትን ሰነዶች ገልጦ ላነበበ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አንዳንዶቹ ሰነዶች የአገርን ገመና ሳይሸፋፍኑ የሚዘረዝሩ፣ ሊመጣ ያለውን ደም መፋሰስ ከዓመት በፊት አይተው የጻፉ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው ሰነዱ ከታተመ በኋላ ነው።

እዚህ የምንፈትሸው ሁለት ሥርዓቶችን ነው። አንደኛው በአፍሪካ ኅብረት ሥር ያለው የአፍሪካ የአቻ ለአቻ መገማገሚያ ሥርዓት (ኤፒአርኤም) ሲሆን ሁለተኛው በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የሚካሄደው ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ (ዩፒአር) ነው። ኢትዮጵያ በሁለቱም አልፋለች። የምናያቸው በተጠቃሚው ዓይን ነው፤ ተጠቃሚ ስንል መብቱ የተነካ ዜጋን፣ ማኅበርን፣ ጠበቃንና ጋዜጠኛን ማለታችን ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ብቻ በታወቁበት ቁጥር ተጠቅሰዋል።

ኤፒአርኤም፦ ጥልቅ፣ ግን ቀርፋፋ

የመግባቢያ ሰነዱ የተፈረመው በማርች 2003 አቡጃ ላይ ነው። አባልነት በፈቃደኝነት ነው፤ የመግቢያ መስፈርት የለውም። በዚህም ምክንያት ዛሬ ከ40 በላይ በሆኑት አባላት ውስጥ በምርጫ ሥልጣን የሚለዋወጥባቸው አገሮችም፣ አንድ ሰው ለአሥርተ ዓመታት የገዛቸውም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጽሕፈት ቤቱ ደቡብ አፍሪካ፣ ሚድራንድ ውስጥ ይገኛል። ግምገማው ሲነደፍ አራት መስክ ነበረው፦ ዴሞክራሲና የፖለቲካ አስተዳደር፣ የኢኮኖሚ አስተዳደር፣ የኩባንያዎች አስተዳደር፣ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ልማት።

ሥራው አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አገሪቱ ረጅም መጠይቅ ይዛ ራሷን ትገመግማለች፤ የማሻሻያ የድርጊት መርሐ ግብርም ታረቅቃለች። ቀጥሎ በአንድ የ«ታላላቅ ሰዎች ጉባኤ» (ግምገማውን በበላይነት የሚከታተሉ የታወቁ አፍሪካውያን ስብስብ) አባል የሚመራ የባለሙያ ቡድን ወደ አገሪቱ ይመጣና ከመንግሥት፣ ከተቃዋሚ፣ ከነጋዴና ከማኅበራት ጋር ይነጋገራል። በሦስተኛው ደረጃ ቡድኑ የራሱን ሪፖርት ይጽፋል፤ መንግሥት አስተያየቱን በአባሪነት ማያያዝ ይችላል እንጂ ሪፖርቱን መቀየር አይፈቀድለትም። አራተኛው የአባል አገሮቹ መሪዎች በጋራ መድረካቸው የሚወያዩበት ነው። አምስተኛው ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ሰነዱ ለሕዝብ ይፋ የሚሆንበትና ለመላው አፍሪካ ፓርላማ የሚቀርብበት ነው።

በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ የወራት ሥራ ነበር። በተግባር ግን ቀዳሚዋ ጋና እንኳ ከ2003 ጀምራ እስከ ጃንዋሪ 2006 ቆይታለች። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ብትሆንም ሪፖርቷ ለመሪዎቹ የቀረበው በጃንዋሪ 2011 ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምርጫዎች ተካሂደዋል፣ ሕጎች ተለውጠዋል፣ መጠይቁን የሞሉ ሰዎችም ከቦታቸው ተነስተዋል። ሁለተኛ ዙር ግምገማ እስከ መጨረሻው የዘለቁትም ጥቂት ናቸው፤ ኬንያና ኡጋንዳ ይገኙበታል።

ሥርዓቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ መጠይቁን ማን ይሞላዋል በሚለው ጥያቄ። ጋና ጥሩ መንገድ መርጣ ነበር። ሥራውን 7 አባላት ላሉት፣ ከመንግሥት ውጭ ለሆነ ምክር ቤት ሰጠች፤ አራቱን መስኮችም ለአራት የተለያዩ የምርምር ተቋማት አከፋፈለች። የፖለቲካውን ክፍል የጋና የዴሞክራሲ ልማት ማዕከል ያዘው። ሚኒስቴሩ መረጃ ይሰጣል እንጂ ረቂቁን አይጽፍም። ደቡብ አፍሪካ በተቃራኒው የራስ ግምገማውን የሚመራውን ብሔራዊ ምክር ቤት ሰብሳቢነት ለሕዝብ አገልግሎት ሚኒስትሯ ለጄራልዲን ፍሬዘር ሞለኬቲ ሰጠች። ማኅበራት በብዛት ተሳትፈዋል፤ ነገር ግን ረቂቁ ሲጠቃለል ጠንከር ያሉ ነጥቦች ተለሳልሰዋል የሚል ቅሬታ ወዲያው ተነሣ። ተገምጋሚው ሰብሳቢም ጸሐፊም ከሆነ፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ የሚመጣው ቡድን ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የተፈተፈተ እንጀራ ነው የሚቀርብለት። ስለዚህ ስለ አንድ አገር የኤፒአርኤም ሪፖርት ስትሰሙ መጀመሪያ የብሔራዊ ምክር ቤቱን የአባላት ዝርዝር ፈልጉ። ሰብሳቢው ሚኒስትር ከሆነ የመጀመሪያውን ክፍል በጥርጣሬ አንብቡ፤ የባለሙያ ቡድኑን ግኝቶች ግን አትዝለሉ።

ምክንያቱም ቡድኑ ብዙ ጊዜ እውነቱን ይጽፋል። የኬንያን ግምገማ የመሩት የታላላቅ ሰዎች ጉባኤ አባሏ ግራሳ ማሼል ነበሩ። በ2006 የቀረበው ሪፖርት የብሔረሰብ መከፋፈሉን፣ የመሬት ጥያቄውን፣ በፕሬዚዳንቱ እጅ የተከማቸውን ሥልጣንና በእንጥልጥል የቀረውን ሕገ መንግሥት እንደ አደጋ ዘርዝሯል። በዲሴምበር 2007 ምርጫ ተደረገ፤ ውጤቱ በተነገረ በሰዓታት ውስጥ ግጭት ተቀሰቀሰ። በኋላ ግጭቱን እንዲመረምር የተቋቋመው የዋኪ ኮሚሽን 1,133 ሰው መሞቱን መዝግቧል። የተመድ የቀድሞ ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ለሽምግልና ናይሮቢ ሲገቡ አብረዋቸው ከነበሩት ሁለት የአፍሪካ ሽማግሌዎች አንዷ እኚያው ግራሳ ማሼል ነበሩ። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 የተፈረመው ስምምነት የከፈተው የማሻሻያ አጀንዳና የ2010ሩ ሕገ መንግሥት የነኳቸው ጉዳዮች በአብዛኛው በሪፖርቱ ውስጥ አስቀድመው የተቀመጡ ናቸው። ሪፖርቱ ግድያውን አላስቆመም። የአገሪቱ ቁስል የት እንዳለ ግን አስቀድሞ በትክክል አሳይቷል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ ላይ የሆነው ከዚህ ይብሳል። የገምጋሚው ቡድን በሌሎች አፍሪካውያን ስደተኞች ላይ የሚታየው ጥላቻ እያደገ መሆኑንና ሳይስፋፋ በእንጭጩ መቀጨት እንዳለበት ጻፈ። የታቦ ምቤኪ መንግሥት ግኝቱን አልተቀበለም፤ ለማስጠንቀቂያው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በሜይ 2008 ጥቃቱ ከጆሃንስበርጓ አሌክሳንድራ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ 62 ሰዎች ሞቱ። ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በጆሃንስበርግም ሆነ በገጠር ከተሞች ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ በ2015 ደርባን ላይ ጥቃቱ ሲያገረሽ የኢትዮጵያውያን ሱቆችም ተቃጥለዋል። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ስለ እነሱም ጭምር ነበር።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የ2011ዱ የኢትዮጵያ ሪፖርት የተዘጋጀበትን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብዓዊ መብትና ከዴሞክራሲ ሥራ አስወጥቷል። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ጸድቋል። በሜይ 2010 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን ወስደዋል። በዚያ ወቅት የመሪዎቹን መድረክ በሰብሳቢነት ይመሩ የነበሩት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። መጠይቁን በነፃነት ሊሞሉ የሚችሉት ማኅበራት በሕግ በተሽመደመዱበት አገር አገራዊ የራስ ግምገማ ከየት ሊመጣ ይችላል? ግምገማው ሲቪክ ማኅበረሰቡን እንደ ግብዓት ይጠይቃል፤ ግብዓቱ መኖሩን ግን አያረጋግጥም። በእኛ ፍርድ የሥርዓቱ ትልቁ የአሠራር ጉድለት ይህ ነው።

ቀጣዩ ጉድለት ማስፈጸሚያ ማጣቱ ነው። የመሠረተው ሰነድ አንድ መንግሥት ለመታረም ፈቃደኛ ካልሆነ መሪዎቹ ተመካክረው «ተገቢ እርምጃ» እንደሚወስዱ ሊያስታውቁት ይችላሉ ይላል። ይህ አንቀጽ በአንድም አገር ላይ ተፈጽሞ አያውቅም። ማሊ በ2009 ተገምግማለች፤ በ2012 መፈንቅለ መንግሥት ሆነባት። ቡርኪና ፋሶ በ2008 ተገምግማለች፤ ሕዝቡ ፕሬዚዳንት ኮምፓዎሬን በ2014 በአደባባይ ተቃውሞ አወረደ፣ በ2022 ደግሞ ጦሩ ሁለት ጊዜ ሥልጣን ያዘ። የሂደት ሪፖርት በየዓመቱ ይቀርባል ቢባልም የሚያቀርበው ጥቂት ነው፤ መሪዎች በመድረኩ ራሳቸው መገኘቱን ትተው ተወካይ መላክ አበዙ። ሥርዓቱ በ2014 የአፍሪካ ኅብረት አካል ከሆነ በኋላ ሥልጣኑ ሰፍቷል፤ የአጀንዳ 2063 (የኅብረቱ የረጅም ጊዜ የልማት ዕቅድ) ክትትልና የአገሮች የብድር ደረጃ ጉዳይ ተጨምረውበታል። በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ የሚደረግ አጭር ግምገማም ተጀምሯል። አጭሩ ግምገማ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ርዕሱን የሚመርጠው ተገምጋሚው ስለሆነ ምርጫ፣ እስር ቤትና ፕሬስ በቀላሉ ከጠረጴዛው ይወርዳሉ።

ዩፒአር፦ ጥልቀቱ ትንሽ፣ በሩ ሰፊ

ዩፒአር የተመሠረተው የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤቱ በ2006 ሲቋቋም ሲሆን የመጀመሪያው ስብሰባ በኤፕሪል 2008 ተደረገ። ዋናው ጥንካሬው ማንንም አለመዝለሉ ነው። 193ቱም አገሮች ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ በዓመት 42፣ በአንድ ስብሰባ 14 አገር። አንድ ዙር አራት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ለዓመታት ሙሉ በሙሉ የቀረ አገር አልነበረም፤ እስራኤል በጃንዋሪ 2013 ባትቀርብም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተመልሳለች። አሜሪካ በኖቬምበር 2025 በተያዘላት ቀን አለመቅረቧ ግን ይህንን ጥንካሬ የሚሸረሽር ነው፤ ትልቁ ሲቀር ሌላው ሰበብ ያገኛል።

ገምጋሚዎቹ ሦስት ሰነድ ይዘው ይቀመጣሉ። የመንግሥት ሪፖርት እስከ 10,700 ቃል፣ የተመድ አካላት የሰበሰቡት ማጠቃለያ እስከ 5,350 ቃል፣ ከማኅበራትና ከመብት ኮሚሽን የመጡ ጽሑፎች ማጠቃለያ ደግሞ እንዲሁ እስከ 5,350 ቃል። ሦስተኛው ሰነድ ነው ለተራው ተጠቃሚ በሩን የሚከፍተው። አንድ ድርጅት ብቻውን 2,815 ቃል፣ በጋራ የሚያቀርቡ ድርጅቶች 5,630 ቃል ይፈቀድላቸዋል፤ የግርጌ ማስታወሻና አባሪ አይቆጠርም። ጽሑፉ ከስብሰባው ከ6 እስከ 7 ወር ቀደም ብሎ መግባት አለበት። ጽሑፍ ለማስገባት የተመድ ዕውቅና አያስፈልግም፤ ምክር ቤቱ በሚቀመጥበት ጄኔቭ አዳራሽ ገብቶ የግምገማው ውጤት በሚጸድቅበት ስብሰባ ለመናገር ግን የተመድ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት የምክክር ዕውቅና ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠሩ ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው፦ ጽሑፉ ከተመድ ይፋዊ ቋንቋዎች በአንዱ መሆን አለበት፤ በአማርኛ የተላከ አይስተናገድም። ሁለተኛው የቃል ገደቡ ነው፤ ካለፈ ተቀባይነት ያጣል። ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው የገባው ጽሑፍ በተመድ ድረ ገጽ ላይ ከድርጅቱ ስም ጋር እንዳለ መለጠፉን አለማወቅ ነው። የተጎጂ ስም፣ የቀበሌ አድራሻ፣ ሰውን የሚያስለይ ማንኛውም ዝርዝር መውጣት አለበት፤ ጽሑፉ በሚስጥር ይያዛል ብሎ ማሰብ ሰው ያስገድላል። ስሙ መታየቱ የሚያሰጋው ትንሽ ድርጅት ማስረጃውን ለትልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅት አሳልፎ በእሱ ስም ቢያስገባ ይሻላል። ሌላው ስህተት የአገር ታሪክ መተረክ ነው። ማጠቃለያውን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ከደርዘን በላይ ጽሑፎችን አንብቦ ከእያንዳንዱ የሚወስደው አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ያለፈው ዙር ምክረ ሐሳብ፣ የተፈጸመው፣ ያልተፈጸመው፣ የሚጠየቀው ብሎ በቅደም ተከተል የጻፈ ያሸንፋል።

ዋናው ስብሰባ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህ ውስጥ 70 ደቂቃው የተገምጋሚው መንግሥት፣ 140 ደቂቃው የሌሎቹ አገሮች ነው። 110 አገር ለመናገር ቢመዘገብ ለእያንዳንዱ 76 ሰከንድ ይደርሰዋል። በ76 ሰከንድ ውስጥ ዲፕሎማቱ ልዑኩን ያመሰግናል፣ አንድ በጎ ነገር ያነሣል፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ምክረ ሐሳብ ያነባል፤ ጊዜው ሲያልቅ ማይክሮፎኑ ይዘጋል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው አዳራሹ ውስጥ አይደለም። ከስብሰባው ሳምንታት ቀደም ብሎ ዩፒአር ኢንፎ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው የቅድመ ስብሰባ መድረክ አለ፤ አዲስ አበባ ያሉ ኤምባሲዎችም ክፍት ናቸው። የሚወሰደው ነገር አንድ ገጽ ብቻ ነው፦ አንድ ችግር፣ አንድ ማስረጃ፣ ተዘጋጅቶ የቀረበ አንድ ምክረ ሐሳብ። ዲፕሎማቱ ራሱ እንዲጽፈው ከተተወ የሚወጣው «ጥረቱን አጠናክሮ ይቀጥል» ነው።

ግሱ ላይ ያለው ጨዋታ ቀላል አይደለም። «ጥረቱን ይቀጥል»፣ «ያጠናክር»፣ «ሊያጤነው ይገባል» የሚሉት ለማንም አያስቸግሩም፤ መንግሥት ሁሉ ይቀበላቸዋል። «አንቀጹን ይሰርዝ»፣ «ስምምነቱን ያጽድቅ»፣ «እስከዚህ ቀን ነፃ ምርመራ ያድርግ» የሚሉት ናቸው በኋላ «ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?» ተብለው ሊለኩ የሚችሉት። ወዳጅ አገሮች ለስላሳውን ያዘንባሉ፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠው አብዛኛው ከዚህ ዓይነት ነው። በዚህም ምክንያት «80 በመቶ ተቀበልን» የሚል የመንግሥት መግለጫ ብቻውን ምንም አይነግርም። የትኞቹ ተቀባይነት እንዳጡ ማየት ይበልጣል። በዩፒአር ወግ ምክረ ሐሳብ አልቀበልም አይባልም፤ «ተመዝግቧል» ተብሎ ነው የሚታለፈው። እውነተኛው አቋም ያለው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በሜይ 2014 ግምገማ በርካታ አገሮች የማኅበራቱንና የፀረ ሽብርተኝነቱን አዋጅ እንድታሻሽል ጠየቁ፤ መንግሥት አልተቀበለም። አምስት ዓመት ሳይሞላ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን የማኅበራት ሕግ ሻረው፤ ቆይቶም አዋጅ ቁጥር 1176/2012 የፀረ ሽብርተኝነቱን ተካ። ይህን ያመጣው ጄኔቭ አይደለም። ያመጣው በኦሮሚያና በአማራ አደባባዮች ለዓመታት የተካሄደው ተቃውሞ ነው፤ ብዙ ወጣቶችም ሕይወታቸውን ከፍለውበታል። ቢሆንም በሩ ሲከፈት «ምን ይሻሻል?» ተብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አልፈጀም፤ ዝርዝሩ ለዓመታት ተጽፎ፣ በአገሮች ስም ተመዝግቦ ቆይቷልና። ግምገማው የሚሰጠው ጥቅም በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ነው።

ገደቡም እዚያው ይታያል። በሜይ 2019 ሦስተኛ ዙር ኢትዮጵያ 327 ምክረ ሐሳብ ቀርቦላት 231ዱን ተቀበለች። አዳራሹ በምስጋና የተሞላ ነበር፤ የለውጡ ወቅት ነበርና። ዓመት ተኩል ሳይቆይ በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ፈነዳ። ያው ምክር ቤት በዲሴምበር 2021 ለኢትዮጵያ የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ፤ በኦክቶበር 2023 ግን የሥራ ዘመኑን የሚያራዝም የውሳኔ ሐሳብ ሳይቀርብ ቀርቶ ተዘጋ። በኖቬምበር 2024 የአራተኛው ዙር ዩፒአር ሲመጣ ምርመራው የለም፤ የአቻ ግምገማው ብቻ ቀርቷል። ዩፒአር የምርመራ ምትክ ሆኖ እንዲያገለግል መፍቀድ ለተጎጂዎች በደል ነው። ሬሳ አይቆጥርም፣ ምስክር አይሰማም፣ ተጠያቂ አይጠራም።

የአቻ ግምገማ ጥርስ ሲኖረው ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የገንዘብ ዝውውሩን ዓለም ይመልከት። ሕገ ወጥ ገንዘብን የሚከታተለው የፋይናንስ ድርጊት ግብረ ኃይል ኢትዮጵያን በፌብሩዋሪ 2017 ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ባንኮቻችን ከውጭ ባንኮች ጋር የሚያደርጉት ግንኙነት ሊከብድ ነበርና ሥራው በትጋት ተሠርቶ በኦክቶበር 2019 ከዝርዝሩ ወጣች። እዚያም ገምጋሚዎቹ አገሮች ናቸው፤ እዚያም ሪፖርት ነው የሚጻፈው። የተለየው ነገር ሪፖርቱን ችላ ማለት ገንዘብ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ዜጋን ያለ ፍርድ ማሰር ግን የባንክ መስመር አይዘጋም።

ለማን ይሆናል?

ትንሽ ገንዘብና ጥቂት ሰው ላለው ማኅበር ዩፒአር ይመረጣል። ቀኑ የታወቀ፣ ሰነዱ ክፍት፣ ስብሰባው በተመድ የኢንተርኔት ቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፍ ነው። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ ያለ የዲያስፖራ ማኅበርም የሚኖርበት አገር ሲገመገም ስለ ጥገኝነት ጠያቂዎች፣ የትውልድ አገሩ ሲገመገም ስለዚያው ሊጽፍ ይችላል። ኤፒአርኤም ለተመራማሪ፣ ለፓርላማ ኮሚቴና ለረጅም ጽሑፍ ለሚዘጋጅ ጋዜጠኛ ይጠቅማል፤ በመቶዎች ገጽ የሚቆጠር ዝርዝር ሌላ ቦታ አይገኝም። በሁለቱም ውስጥ የሌለው አገልግሎት የግለሰብ አቤቱታ መቀበል ነው። የታሰረ ወንድም ያለው ቤተሰብ ጊዜውን እዚህ አያባክን፤ በዘፈቀደ እስር ላይ የሚሠራው የተመድ የሥራ ቡድን ወይም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ይቀርበዋል።

የኢትዮጵያ ቀጣይ የዩፒአር ተራ በግምት 2029 ላይ ይወድቃል። ከዚያ በፊት፣ በ2027 መጀመሪያ አካባቢ፣ የአጋማሽ ዘመን ሪፖርት ማውጣት ይቻላል፤ ለመንግሥት በፈቃደኝነት የሚቀርብ ነው፣ ማኅበራት የራሳቸውን ከማውጣት ግን የሚከለክላቸው የለም። ተቀባይነት ያገኘው እያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ በቁጥሩ ይቀመጥ፤ ከጎኑ ኃላፊነት ያለበት መሥሪያ ቤት ስም፣ ቀጥሎ «ተፈጽሟል»፣ «ተጀምሯል» ወይም «አልተነካም» የሚል አንድ ቃል፣ በመጨረሻም የማስረጃው ቀን ይጻፍ። ሠንጠረዡ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ወጥቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴና ለክልል ምክር ቤቶች በደብዳቤ ይግባ፤ የገቢ ማኅተም የተመታበት ቅጂም በማኅበሩ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።